ውኃው የታየበትና ውኃው የገባበት

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው አድጌያለሁ። ትርጉሙ በደንብ የገባኝ ግን በዚህ ዓመት፣ ግቢያችን ውስጥ በቆመች አንዲት ጀልባ ሥር ተጋድሜ ጠብታ ስቆጥር ነው።

ውድ አንባቢያን፣ «የጋዜጠኝነት ተማሪንና የጀልባ ጥገናን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን «አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚሠራ በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ለማያውቀው ሰው በሚገባው መንገድ ጻፉ» የሚል የቤት ሥራ ሰጥተውን ነበር። አንዳንዱ የጠጅ አጣጣል፣ አንዳንዱ የብሎኬት አመራረት መረጠ። እኔ ደግሞ የአጎቴ ጀልባ ውኃ ማስገባት ጀምራ ስለነበር «ከዚህ የተሻለ ርዕስ ከየት ይመጣል?» ብዬ እሷን ያዝኩ። እንግዲህ የሚያፈስ የአሉሚኒየም ጀልባ እንዴት እንደሚጠገን እንደ ቅደም ተከተሉ አቀርባለሁ። በመካከሉ የራሴን ስህተትም እናገራለሁ፤ ያለ እሱ ትምህርቱ ጎዶሎ ነውና።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

አጎቴ በአሞራ ገደል በኩል እንግዳ እያሳፈረ ሐይቁንና ጉማሬዎቹን በማሳየት የሚተዳደር ሰው ነው። ዓሣ አጥማጆቹ የሚቀዝፏቸው ጀልባዎች የእንጨት ሲሆኑ የእሱ ግን አራት ሜትር ተኩል ያህል የምትረዝም የአሉሚኒየም ጀልባ ናት። ከሌላ ሰው ላይ ነው የገዛት። አንድ እሑድ አምስት ሰው ጭኖ ወደ ጉማሬዎቹ ሲያመራ፣ ከኋላ በሞተሩ አጠገብ ካለው የወለል ጣውላ ሥር ውኃ ብቅ አለ። ግማሽ መንገድ ሳይሄዱ ውኃው ቁርጭምጭሚት ደረሰ። በተቆረጠ ጀሪካን እየቀዱ እየደፉ በሰላም ተመለሱ። ማንም አልተጎዳም። የሐዋሳ ሐይቅ ግን ጥልቅ በሆነበት ቦታ ከ20 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከተሳፋሪዎቹ ደግሞ ዋና የሚችለው አንድ ብቻ ነበር።

አጎቴ በዚያው ቀን ሥራ አቆመ። ጊዜው የፍቼ ጨምበላላ በዓል የተቃረበበት ነበር። ይህ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ የበለጠ ታውቋል፤ በበዓሉ ሰሞን ሐይቁ ዳር በሰው ይሞላል። ለአጎቴ ያ ሳምንት የብዙ ወር ገቢ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነበር፤ ጀልባዋ ለበዓሉ ትደርሳለች ወይ? ብትደርስስ ሰው ሊሳፈርባት ይገባል ወይ?

ጥፋተኛው ወዲያው ነበር የተገኘው። ጀልባዋ ከአንድ ዓመት በፊት ድንጋይ መትቷት ከኋላ በኩል ተበይዳ ነበር። ውኃው የታየው ደግሞ ልክ በዚያ ብየዳ አጠገብ ነው። «በያጁ ነው ጉድ የሠራኝ! ገንዘቤን በልቶ ሽንቁር ሸጠልኝ» አለ አጎቴ። ይህንኑ ነገር ሐይቁ ዳር ለሰው ሁሉ አወራ። እኔም ምን ገዶኝ፣ አጎቴ ያለውን ተቀብዬ የመጀመሪያ ረቂቄን «የደካማ ብየዳ መዘዝ» በሚል ርዕስ ጻፍኩና አስገባሁ።

ረቂቁ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ተመለሰ። ከሁሉም በላይ ያሳፈረኝ በኅዳጉ ላይ የተጻፈው ነው፤ «ምንጭሽ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ባለጉዳዩ። በያጁን አነጋግረሻል? ቀዳዳውንስ በዓይንሽ አይተሻል?» ሁለቱንም አላደረግኩም ነበር።

ቀዳዳ ለምን ያስፈራል?

ወደ በያጁ ከመሄዴ በፊት ትንሽ ላንብብ አልኩ። የጣና ሐይቅ ታንኳ ከደንገል የሚታሰር ነው። ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ውኃ ቀስ በቀስ እየጠጣ ይከብዳል እንጂ በአንድ ቀዳዳ ምክንያት አይሰጥምም። ብረትና አሉሚኒየም ግን በራሳቸው ሰማጭ ናቸው። አሉሚኒየም ክብደቱ የብረት ሲሶ ያህል ቢሆንም ከውኃ 2.7 ጊዜ ይከብዳል። የአሉሚኒየም ጀልባ የምትንሳፈፈው ሆዷ ባዶ ስለሆነና ውኃውን ገፍታ ቦታ ስለምትይዝ ነው። ሆዷ በውኃ ከተሞላ ነገሩ አበቃ።

ፊዚክስ የሚያጠና የዶርም ጓደኛ ያለው ወንድሜ ይህን ሒሳብ አሠርቶ አመጣልኝ። ከውኃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ የአንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቀዳዳ በደቂቃ ወደ 7 ሊትር ውኃ ያስገባል። ይህ ማለት ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በሦስት ደቂቃ ይሞላል፤ በሰዓት ደግሞ 20 ጀሪካን፣ ማለትም 400 ኪሎ ገደማ ይገባል። የጣት ጫፍ በምታክል ቀዳዳ! ከዚያ ወዲያ «ትንሽ ታፈሳለች እንጂ ደህና ናት» የሚል ሰው ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የበያጁ ጥያቄ

በያጁ የሚሠራው በእኛው ሰፈር፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነው። ስገባ ማን እንደሆንኩ ነገርኩት። ስሙ ሐይቅ ዳር እንደተነሣ ሰምቷል፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። ቢሆንም አልተቆጣኝም። ጓንቱን አውልቆ በርጩማ ሰጠኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ባዶዋን ቆማ ስታድር ውኃ ይገባባታል?»

አላውቅም ነበር። ወደ አጎቴ ደወልኩ። «ባዶዋንማ ደረቅ ናት፤ ሰው ሲጫን ነው እንጂ» አለኝ፤ ነገሩ ምንም እንዳልመሰለው ሁሉ።

በያጁ ፈገግ አለና እንዲህ ሲል አስረዳኝ። «እኔ የበየድኩት ከኋላ፣ ከግርጌዋ ነው። ያ ቦታ ባዶም ሆነች ሙሉ ሁልጊዜ ውኃ ውስጥ ነው። እሱ ቢያፈስ ኖሮ ስትቆምም ታፈስ ነበር። ባዶዋን ደርቃ ሰው ሲጫን የምታፈስ ከሆነ፣ ቀዳዳው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ጀልባዋ ስትከብድና ዝቅ ስትል ብቻ ውኃ የሚነካው። በይ ከፈለግሽ የኔን ብየዳ መጀመሪያ ፈትሹት፣ እኔ አልፈራም።»

ቤት ገብቼ አሰላሁት። ጀልባዋ ውኃ ላይ የምትይዘው ቦታ ወደ አምስት ካሬ ሜትር ነው። አምስት ሰው 350 ኪሎ ቢመዝን ጀልባዋን 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ያሰምጣታል። እንግዲህ የምንፈልገው ቀዳዳ በዚያች በ7 ሳንቲ ሜትር ቀበቶ ውስጥ ያለ ነው ማለት ነው። አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ፍለጋውን እንዲህ ያጠብበዋል።

ፍለጋው

ሞተሩን ፈተን ጀልባዋን በአይሱዙ ወደ ግቢያችን አመጣናት። የሰፈሩ ልጆች «የኖኅ መርከብ መጣች» እያሉ አጥሩን ሞሉት። ፍለጋው የተካሄደው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የወለል ጣውላዎቹ ሁሉ ተነሡ፤ ከሥራቸው የተጠራቀመው አሸዋና ጭቃ ወጥቶ ጀልባዋ ታጠበች፤ ውጭዋ በደንብ እስኪደርቅ ተጠበቀ። እርጥብ ነገር ላይ ጠብታ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛ፣ ጀልባዋ ከመሬት ከፍ ብላ በጎማዎች ላይ ተቀመጠች። በሐይቅ ላይ ውኃው ከውጭ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በመሬት ላይ ግን ውኃውን ከውስጥ ጨምሮ ወደ ውጭ ሲወጣ ማየት ይቀላል። ጥንቃቄ የሚያሻው ክብደቱ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ፣ ከሥር ያልተደገፈች ጀልባ በውኃ ክብደት ልትጎብጥ ትችላለች። ስለዚህ በብዙ ቦታ መደገፍ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ከእናቴ ጋር ተጣላን። በዚያ ሳምንት ቧንቧ ጠፍቶ ስለነበር ጀሪካኖቿን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምትጠብቃቸው። «ለጀልባ ነው ውኃ የምሰጠው? ጀልባ ያለው ሐይቅ ላይ አይደል እንዴ!» አለች። በመጨረሻ በአምስት ጀሪካን ተስማማን። አምስት ጀሪካን ጀልባዋን ስለማይሞላ፣ አፍንጫዋን ከፍ አድርገን 100 ሊትሩን ወደ ኋላ አጠራቀምነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። የበያጁ ብየዳ አንዲት ጠብታ አልወጣውም። አጎቴ ቆሞ ያያል፤ ምንም አይናገርም።

ቀጥለን ያንኑ ውኃ ሳናባክን ጀልባዋን ቀስ ብለን ወደ ፊት አዘነበልናት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከታች፣ ከጀልባዋ መሐል አከርካሪ ላይ ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። እኔ ዘልዬ «አገኘሁት!» አልኩ። በያጁ ግን «ቆይ፣ ያ የሚንጠባጠብበት ነው፤ የሚወጣበት አይደለም» አለኝ። በጨርቅ ጠረገውና አካባቢውን በደቀቀ ጠመኔ ነሰነሰው። ውኃው ጠመኔው ላይ መንገዱን አሳየ። ከአከርካሪው ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ላይ እየተከተልን ስንሄድ፣ ጠብታው ካየሁበት ቦታ ሁለት ክንድ ርቀን በስተ ቀኝ በኩል እንግዶች ከሚወጡባት መርገጫ ሥር ደረስን። መርገጫዋ በሁለት የብረት ቡሎኖች የታሰረች ናት።

ሦስተኛ፣ እርግጠኛ ለመሆን ውኃውን አውጥተን ካደረቅን በኋላ በያጁ በድሮ ሙያተኞች ዘዴ ደገመው። ከውጭ በኩል በውኃ የተበጠበጠ ጠመኔ ቀብቶ አደረቀ፤ ከውስጥ ደግሞ ነጭ ጋዝ በብሩሽ ቀባ። ነጭ ጋዝ ከውኃ ይልቅ በቀጭን ስንጥቅ ውስጥ የመሹለክ ጠባይ አለው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነጩ ጠመኔ ላይ በአንዱ ቡሎን ዙሪያ የጠቆረ እርጥበት፣ ከእሱም የወጣች የፀጉር ያህል የቀጠነች መስመር ታየች። (ይህን ስታደርጉ እሳትና ሲጋራ በአካባቢው እንዳይኖር፤ በኋላም ጋዙን በሳሙና አጥቦ ማስለቀቅ ግድ ነው፤ ቅባት ባለበት ምንም ማሸጊያ አይያዝም።)

ታዲያ ውኃው ከፊት ገብቶ ለምን ከኋላ ታየ? ሞተሩ ሲገፋት የጀልባ አፍንጫ ይነሣል። ከፊት የገባው ውኃ በጣውላው ሥር ሳይታይ ሄዶ ዝቅተኛው ቦታ ላይ፣ ማለትም ከኋላ ብየዳው አጠገብ ይጠራቀማል። ብየዳው ጥፋቱ እዚያ መገኘቱ ብቻ ነበር።

ቡሎኖቹን ማን አሰራቸው? አጎቴ ራሱ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እንግዶች እንዳይንሸራተቱ ብሎ።

ብረትና አሉሚኒየም ለምን አይስማሙም?

አሉሚኒየም አየር ሲነካው ወዲያው በጣም ስስ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ እንደ ብረት የማይዝገውም ይህ ሽፋን ስለሚጠብቀው ነው። ነገር ግን ከብረት ወይም ከመዳብ ጋር ተነካክቶ በውኃ ውስጥ ሲቀመጥ ሁለቱ ብረቶች እንደ ባትሪ ይሆናሉ። በዚህ ባትሪ ውስጥ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ምልክቱ ነጭ ዱቄት ነው። በቡሎኑ ዙሪያ ያ ዱቄት ነበር፤ ላሜራው ተበልቶ ሳስቷል። ሰው በረገጣት ቁጥር ደግሞ መርገጫዋ ላሜራውን ስለምታነቃንቀው ከቀዳዳው ጫፍ ስንጥቅ ተነሣ።

ብረት በመደጋገም ብዛት እንደሚደክም ዓለም በከባድ ዋጋ ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኮሜት የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ ጄት አውሮፕላኖች በወራት ልዩነት አየር ላይ ተሰባብረው ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ወደቁ። መርማሪዎቹ የአንድ ሌላ ኮሜት አካል በትልቅ የውኃ ገንዳ ውስጥ አስገብተው፣ በውስጡ የውኃ ግፊት ከፍ ዝቅ እያደረጉ እንደ በረራ ደጋገሙበት። በመጨረሻ የአሉሚኒየሙ ቆዳ ከመክፈቻ ማዕዘን ተነሥቶ ተሰነጠቀ። ይህን ካነበብኩ በኋላ በእናቴ አምስት ጀሪካን መኩራት ጀመርኩ።

ጥገናው

መጀመሪያ የብረት ቡሎኖቹ ወጡ። ነጩ ዱቄት በብርጭቆ ወረቀትና በማይዝግ ብረት ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ተፈገፈገ። ብሩሹ ከዚያ በፊት ተራ ብረት ያልተፈገፈገበት መሆን አለበት፤ የብረት ብናኝ አሉሚኒየም ላይ ከቀረ ያው በሽታ እንደገና ይጀምራል።

ቀጥሎ በያጁ የስንጥቁን ጫፍ በትራፓኖ በ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሳው። የሚያፈስን ነገር እንደገና መብሳት መጀመሪያ ሞኝነት መሰለኝ። ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፤ ስንጥቅ የሚጓዘው ጉልበቱ ሁሉ በሹል ጫፉ ላይ ስለሚከማች ነው። ክብ ቀዳዳ ሹል ጫፍ ስለሌለው ጉልበቱ ይበተናል፤ ስንጥቁም ይቆማል።

«ለምን አትበይደውም?» ስል ጠየቅኩት። የአሉሚኒየም ብየዳ እንደ በርና መስኮት ብየዳ እንዳልሆነ ነገረኝ። አሉሚኒየሙ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፣ ላዩ ያለው ኦክሳይድ ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። በዚያ ላይ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም፤ ድንገት ነው የሚዘረገፈው። አየር እንዳይነካው የአርጎን ጋዝ የሚነፋ መሣሪያ ያስፈልጋል። የኋላው ላሜራ ወፍራም ስለነበር በአርጎን ተበይዷል። ይኼኛው ግን ተበልቶ የሳሳ ስለሆነ ብየዳው ይበሳዋል። ስለዚህ በሪቬት ሊለጠፍበት ተወሰነ።

ልጥፉ ከተመሳሳይ የአሉሚኒየም ላሜራ ተቆረጠ። ከጉዳቱ በየአቅጣጫው ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል፤ ማዕዘኖቹም ክብ ተደርገዋል። በልጥፉና በጀልባዋ መካከል ፖሊዩሪታን የሚባለው ማሸጊያ በብዛት ተቀባ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ለዚህ አይሆንም፤ አሲዱ አሉሚኒየሙን ይጎዳል። ሪቬቶቹ ድፍን የአሉሚኒየም ሪቬቶች ናቸው፤ መሐሉ ክፍት የሆነው ተራ ሪቬት በራሱ ቀዳዳ ውኃ ያስገባልና።

ሪቬት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከውጭ በመዶሻ ይመታል፤ ሌላው ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። ብረቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። መዶሻው ባረፈ ቁጥር እጄ እስከ ትከሻዬ ይነዝረኛል። ሦስተኛው ሪቬት ላይ ብረቱ ስላንሸራተተኝ ሪቬቱ ጠመመ። በያጁ ምንም ሳይል በትራፓኖ አወጣውና ሌላ አስገባ። «እዚህ ላይ ይሉኝታ የለም፤ የጠመመ ሪቬት ኋላ ያፈሳል» አለኝ።

ማሸጊያው እቃው ላይ የተጻፈውን ያህል ቀን ሳይነካ ደረቀ። መርገጫዋ ወደ ላይ፣ ውኃ ወደማይደርስበት ከፍ ተደርጋ፣ በማይዝግ ብረት ቡሎን ታሰረች፤ ከሥሯም ብረት ከአሉሚኒየም እንዳይነካካ የጎማ ሮንዴላ ገባ።

የመጨረሻው ፈተና

አጎቴ በዚያው ቀን ሰው ሊጭን ፈልጎ ነበር። «ጋሼ፣ ያፈሰሰችው ተጭና ነው፤ ተጭና ካልተፈተነች ዳነች አይባልም» አልኩት። በያጁም ደገፈኝ። ስለዚህ ጀልባዋ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ በውኃ ተፈተነች። ከዚያም አሞራ ገደል ሄዳ በሰው ፋንታ 50 ኪሎ አሸዋ የያዙ ሰባት ጆንያዎች ተጫኑባት። 350 ኪሎ፣ ልክ እንደ አምስቱ እንግዶች። ዳር ዳሩን ብቻ አንድ ሰዓት ዞረች። ጣውላው ሲነሣ ሥሩ ደረቅ ነበር።

ከሐይቁ እንደወጣን አጎቴ አባ ኮዳዎቹ ከሚቆሙበት የዓሣ ገበያ ላይ የተጠበሰ ዓሣ አዘዘና ዕቃ ሲሰበስብ የነበረውን በያጁን እጁን ይዞ አመጣው። ጓደኞቹ ሁሉ ባሉበት «ቡሎኑ የኔ ነው፤ ያማሁት ደግሞ እሱን ነው። ይቅር በለኝ» አለው። በያጁ «እግዜር ይቅር ይበልህ፤ ብቻ ከእንግዲህ ስትበሳ ጥራኝ» ብሎ ሳቀ። ጀልባዋ ለፍቼ ደርሳለች። ከዚያ ወዲህ አጎቴ የተሳፋሪ መንሳፈፊያ ጃኬት ሳያስለብስ ሞተር አያስነሣም። ይህም ቢሆን ብዙ ክርክር ፈጅቷል።

ለእኛ ለተማሪዎች

ጥገናው ራሱ ከግማሽ ቀን አልበለጠም። ረጅሙን ጊዜ የወሰደው ፍለጋው ነው። አጎቴ እንደፈለገው ያንን ጤነኛ ብየዳ ሬንጅ ደፍተንበት ቢሆን ኖሮ፣ ገንዘብ ወጥቶ፣ ሰው ተወንጅሎ፣ ጀልባዋ ለበዓሉ በሰው ተሞልታ መሐል ሐይቅ ላይ ታፈስ ነበር። የተሳሳተ ጥገና ካለመጠገን ይብሳል፤ ሰው አምኖት ይሳፈርበታልና።

ረቂቄን እንደገና ጻፍኩት። የድሮውን ርዕስ ሰርዤ፣ በያጁ የጠየቀኝን ጥያቄ የጽሑፉ መግቢያ አደረግኩት። የመጀመሪያው ረቂቅ ታትሞ ቢሆን ኖሮ ስሙ የጠፋው ሰው በእኛ ሰፈር በየቀኑ ሰላም የምለው ሰው ነበር። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አንድ ሰው «ጥፋቱ እዚያ ነው» ብሎ ሲያሳየን የሚያሳየን ብዙውን ጊዜ ውኃው የታየበትን ቦታ ነው። እሱን ጠርገን፣ ጠመኔ ነስንሰን፣ መንገዱን ወደ ላይ መከተል ግን የእኛ ሥራ ነው።

ቸር ይግጠመን።